የኤሌክትሪክ ጊታር ቀለምና ቫርኒሽ ድምፁን ይለውጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጊታር የሚገዙ፣ የሚያስጠግኑ ወይም ቀለሙን ለማስለወጥ የሚያስቡ ተጫዋቾች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ቀርበዋል፤ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጊታር ልባስ ሲባል ምን ማለት ነው?

ልባስ እንጨቱን ከላብ፣ ከእርጥበትና ከግጭት የሚጠብቀው፣ መልኩንም የሚያሳምረው የላይኛው ሽፋን ነው። አንድ ነገር ቢመስልም ብዙውን ጊዜ የተደራረቡ ንብርብሮች ድምር ነው፦ በመጀመሪያ የእንጨቱን ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚደፍን ማሸጊያ ይቀባል፣ ቀጥሎ ቀለሙ ይረጫል፣ በመጨረሻም ጥርት ያለ ቫርኒሽ ይደረብበታል።

በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ በብዛት የሚገኙት የልባስ ዓይነቶች ሦስት ናቸው። ተጫዋቾች ባጭሩ ናይትሮ የሚሉት ናይትሮሴሉሎስ ላከር በቲነር ቀጥኖ የሚረጭና ቲነሩ ሲተን የሚደርቅ ሲሆን፣ በ1920ዎቹ የመኪና ቀለም ሆኖ ከተስፋፋ በኋላ የሙዚቃ መሣሪያ ፋብሪካዎችም ተቀብለውታል። ፖሊዩሬቴንና ፖሊስተር ግን የሚጠነክሩት በኬሚካላዊ ውህደት ስለሆነ፣ አንዴ ከደረቁ ቲነር መልሶ አያሟሟቸውም። ከእነዚህ ሌላ እንደ ተልባ ዘይት ያሉ ወደ እንጨቱ የሚሰርጉ ዘይቶች አሉ፤ እነርሱ በላዩ ላይ ወፍራም ሽፋን አይፈጥሩም።

ታዲያ ልባሱ የጊታሩን ድምፅ ይለውጣል?

ድፍን አካል ባለው ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ፣ ጊታሩ በአምፕሊፋየር ሲሰማ፣ ጆሮ ሊለየው የሚችል ለውጥ አያመጣም። ምክንያቱ የሚጀምረው ከፒክአፑ አሠራር ነው። ፒክአፕ ማለት ማግኔትና በዙሪያው በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ የተጠመጠመ እጅግ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፤ የብረቱ ክር በማግኔቱ መስክ ውስጥ ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ቮልቴጅ ይፈጠራል፣ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደውም ይኸው ነው። ፒክአፑ እንደ ማይክሮፎን የአየርን ንዝረት አይቀበልም፤ የሚከተለው የክሩን እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ እንጨቱም ሆነ ቀለሙ በድምፁ ላይ ድርሻ ሊኖረው የሚችለው የክሩን አረገባገብ መለወጥ ከቻለ ብቻ ነው።

ይህ መንገድ ጨርሶ ዝግ ነው ማለት ግን አይደለም። ክሩ በብሪጁ (በአካሉ ላይ ክሩ በሚያርፍበት ብረት) እና በፍሬቱ (በጣት ሰሌዳው ላይ በተተከለው ቀጭን ብረት) በኩል ጥቂት ጉልበት ወደ እንጨቱ ያሳልፋል። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሔልሙት ፍላይሸር ባደረጋቸው ልኬቶች፣ በአንዳንድ ጊታሮች ላይ አንዳንድ ኖታዎች ከሌሎቹ ቀድመው የሚጠፉት በዋናነት አንገቱ በእነዚያ ኖታዎች ላይ አብሮ ስለሚንቀጠቀጥና የክሩን ጉልበት ስለሚወስድ መሆኑን አሳይተዋል። የአንገቱ ግትርነት፣ ክብደቱና ርዝመቱ ከክሩ ጋር በእርግጥ ይነጋገራሉ፤ በአካሉ ላይ ያለው ስስ ልባስ ግን በዚህ ንግግር ውስጥ የሚሰማ ቃል የለውም።

መጠኑን በስሌት ማየት ይቻላል። ፌንደር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው የስትራቶካስተር ጊታር ዓይነት አካል 44 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረትና በግምት ሩብ ሜትር ካሬ የሚሆን ጠቅላላ ገጽ አለው። አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር የሚወፍር ልባስ ቢቀባ የልባሱ ክብደት ከ30 ግራም ብዙም አይርቅም፤ አምስት እጥፍ የሚወፍር ፖሊስተር ደግሞ 150 ግራም ገደማ ይሆናል። እንጨቱ ራሱ 2 ኪሎ አካባቢ የሚመዝን ሲሆን፣ ከአንድ ዓይነት ዛፍ የተቆረጡ ሁለት አካላት በመካከላቸው ከዚህ የበለጠ የክብደት ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል።

አኩስቲክ ጊታር የሚሠሩ ባለሙያዎች ታዲያ ስለ ልባስ ለምን ይጨነቃሉ?

በእነርሱ ዘንድ ጭንቀቱ ተገቢ ነው። በአኩስቲክ ጊታር ላይ አየሩን አንቀሳቅሶ ድምፁን ወደ ጆሮ የሚያደርሰው የፊት ገጹ እንጨት ሲሆን፣ ውፍረቱም ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። በማሲንቆ ላይ ድምፁን የሚያወጣው የተወጠረው ቆዳ እንደሆነና ቆዳውን በወፍራም ቀለም መቀባት ድምፁን እንደሚያፍነው የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፦ የሚርገበገበው ገጽ ስስ ሲሆን ልባሱ ከጠቅላላው ክብደት ትልቅ ድርሻ ይይዛል፣ ንዝረቱንም ያዳክማል። ክላሲካል ጊታር የሚሠሩ ብዙ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ሼላክ የተባለውን የተፈጥሮ ሙጫ በአልኮል አሟሙተው በጨርቅ ደጋግመው እጅግ በስሱ የሚቀቡት በዚህ ምክንያት ነው።

ግራ መጋባቱ የመጣው፣ ይህ ለአኩስቲክ መሣሪያ እውነት የሆነ ዕውቀት ድፍን አካል ወዳለው ኤሌክትሪክ ጊታር እንዳለ በመወሰዱ ይመስለኛል።

ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ኤሌክትሪክ ጊታሮችስ?

እነርሱ በሁለቱ መካከል ይገኛሉ። ጊብሰን በ1958 ያወጣው ኢኤስ-335 ጎንና ጎኑ ባዶ ቢሆንም በመሐሉ ድፍን እንጨት ያልፍበታል፤ ብሪጁና ፒክአፖቹ የተቀመጡት በዚያ ላይ ስለሆነ ባሕርዩ ለድፍን ጊታር ይቀርባል። መላ አካላቸው ባዶ የሆኑት የጃዝ ጊታሮች ግን ገጻቸው ከክሩ ብዙ ጉልበት ይወስዳል፣ ከድምፅ ማጉያው የሚመለሰውን ድምፅም ተቀብለው ይንቀጠቀጣሉ። በእነዚህ ላይ፣ በተለይ ገጹ ተቀርጾ ከወጣ ድፍን የስፕሩስ እንጨት በተሠራው ላይ፣ የልባሱ ውፍረት ጥቂት ሊቆጠር ይችላል። ከተነባበረ እንጨት በተሠሩት ላይ ግን ተነባብሮ የተጣበቀው እንጨት ግትርነት ስለሚያይል የልባሱ ድርሻ እንደገና ይሳሳል።

ናይትሮ እንጨቱን «ያስተነፍሰዋል» የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። ለጊታር የሚሆን እንጨት ከመሠራቱ በፊት እንዲደርቅ የተደረገ ነው፤ መተንፈስ የሚለው አነጋገር አንዳች ትርጉም ካለው፣ ከአየሩ እርጥበት መቀበልና መልሶ መስጠት ማለት ነው። ናይትሮም ሆነ ፖሊስተር ይህን ልውውጥ ያዘገያሉ እንጂ ፈጽሞ አያቆሙትም። በዚያ ላይ የእርጥበት መለዋወጥ ለጊታር የሚፈለግ ነገር አይደለም፤ አንገቱን ያጎብጣል፣ ክሮቹ በፍሬቶቹ ላይ እንዲንጫጩ ያደርጋል።

የፋብሪካዎቹ ታሪክም ይህን እምነት አይደግፍም። ፌንደር በ1960ዎቹ ከናይትሮው በታች ፉለርፕላስት የተባለ፣ ከደረቀ በኋላ ቲነር የማይበግረው ማሸጊያ ይጠቀም ነበር። እንዲያውም በዚያ ዘመን በልዩ ትእዛዝ ይሠሩ ከነበሩት ቀለሞች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ሌክ ፕላሲድ ብሉ የተባለው ብረታማ ሰማያዊ፣ የኬሚካል ኩባንያው ዱፖንት ሉሳይት በሚል ስም ለመኪና ያመርተው የነበረ የአክሪሊክ ላከር እንጂ ናይትሮ አልነበሩም። የእነዚያን ጊታሮች ድምፅ በናይትሮ ምክንያት የሚያደንቅ ሰው በእውነቱ የሚያደንቀው በጠንካራ ማሸጊያ ላይ የተረጨ አክሪሊክን ነው።

የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ጊታሮች ከ1970ዎቹ የተሻሉ ናቸው የሚባለው ለምንድን ነው?

ፌንደር ወደ ፖሊስተር የዞረው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው፤ በ1970ዎቹም ጊታሮቹ በጣም ወፍራምና አንጸባራቂ ሽፋን ይለብሱ ነበር። ብዙ ሰዎች በዚያ ዘመን የጥራት መቀነስ ያስተዋሉት ከዚህ ጋር አብሮ ስለሆነ፣ ወቀሳው በዓይን በሚታየው በሽፋኑ ላይ አረፈ። ይሁን እንጂ ኩባንያው በ1965 ሲቢኤስ በተባለው የአሜሪካ የብሮድካስት ድርጅት ከተገዛ በኋላ የተለወጠው ቀለሙ ብቻ አልነበረም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የስትራቶካስተር አንገት በአራት ፋንታ በሦስት ማሰሪያዎች መታሰር ጀመረ፣ ብሪጁ ከታጠፈ ብረትና ከብረት ብሎክ ወደ ተቀረጸ ቅይጥ ብረት ተለወጠ፣ ቆየት ብሎም የፒክአፖቹ ማግኔቶች ቁመት ተስተካክሎ እኩል ሆነ፣ ብዙዎቹ አካላትም ከከባድ አሽ እንጨት ይሠሩ ነበር። ብሪጅና ፒክአፕ ከክሩ ጋር በቀጥታ የሚገናኙ ክፍሎች ናቸው፤ እነርሱን ትቶ ቀለሙን መክሰስ ሚዛናዊ አይደለም።

ከዚህ ጋር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአየርላንዳዊው ጊታሪስት የሮሪ ጋላገር የ1961 ስትራቶካስተር ነው። ቀለሙ በአብዛኛው ተልጦ እንጨቱ የቀረው ያ ጊታር ድምፁን ያገኘው ከመላጡ ነው ብለው የሚያምኑ አሉ። ሮሪ ግን ይጫወት የነበረው ቀጭኑን ድምፅ በሚያጎላ ሬንጅማስተር በተባለ መሣሪያ በኩል በቮክስ ኤሲ30 አምፕሊፋየር ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እጁ የራሱ ነበር።

ጊታሬን አስፍቄ በናይትሮ ካስቀባሁት በኋላ ድምፁ በግልጽ ተሻለ። ይህ እንዴት ይብራራል?

ለውጡ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ልባሱ ላይሆን ይችላል። ጊታር ለመቀባት ክሮቹ ይወልቃሉ፣ አንገቱ ይፈታል፣ ፒክአፖቹና ብሪጁ ይነሳሉ። መልሶ ሲገጠም አዲስ ክር ይታሰራል፣ አንገቱ በማስገቢያው ውስጥ በአዲስ መልክ ይጠብቃል፣ የክሩ ከፍታ ይስተካከላል፣ ፒክአፖቹም በፊት በነበሩበት ከፍታ በትክክል መመለሳቸው ብርቅ ነው። ፒክአፑ ወደ ክሩ በአንድ ሚሊሜትር መቅረቡ ብቻ ድምፁን ከፍ ሊያደርገውና ጠባዩን ሊለውጠው ይችላል፤ አዲስ ክር ደግሞ ካረጀው ክር ይልቅ የጠራ ድምፅ እንዳለው ጀማሪም ያውቀዋል።

ሥራው ሳምንታት የሚወስድ መሆኑም ሌላው ችግር ነው፤ ናይትሮ በሚገባ እስኪጠነክር ረዥም ጊዜ ይፈልጋል። የድምፅ ቃናን በዝርዝር የሚይዘው ትውስታችን ግን አጭር ስለሆነ፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ልዩነት የተደረገ ንጽጽር በድሮው ድምፅና በአዲሱ መካከል ሳይሆን በምኞትና በአዲሱ ድምፅ መካከል ይሆናል።

ጥቁር፣ ቀይ ወይም ነጭ መሆኑ ልዩነት አለው?

የለውም።

የአንገቱ ልባስስ?

ስለ ልባስ መጨነቅ ለሚወድ ሰው ትክክለኛው ቦታ ይህ ነው። ሙሉ በሙሉ የሚያንጸባርቅ የአንገት ጀርባ በላበ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ የእጅን መንሸራተት ያዘገያል። በዘይት የታሸ ወይም በጣም በደቀቀ የብርጭቆ ወረቀት አንጸባራቂነቱ የተቀነሰ አንገት ደግሞ እጅን በነፃነት ያስኬዳል። ተጫዋቹ የተመቸው እጅ የተሻለ ስለሚጫወት፣ ድምፁ በዚህ በኩል በእርግጥ ይለወጣል። ልባሱ ፖሊ (ፖሊዩሬቴን ወይም ፖሊስተር) ከሆነ ጥቂት ማሸት በቂ ነው፤ ናይትሮ ግን ቀጭን ስለሆነ በጥንቃቄ መሆን አለበት፣ እንጨቱ ላይ ከተደረሰ ላብና እድፍ ይሰርግበታልና።

የጣት ሰሌዳውን በተመለከተ፣ ሮዝዉድና ኢቦኒ ብዙውን ጊዜ አይለበሱም፤ ሜፕል ግን ቶሎ ስለሚቆሽሽ ይለበሳል። ሜፕሉ ሲቀባ ሽፋኑ በወፈረ መጠን ፍሬቶቹ ከሰሌዳው በላይ ያላቸው ከፍታ ይቀንሳል፤ ክር እየገፉ ለሚጫወቱ ሰዎች ይህ ወዲያው የሚታወቅ ጉዳይ ነው።

ልባስ በድምፁ ላይ በእርግጥ ጉዳት የሚያደርስበት ሁኔታ አለ?

አለ፤ ሁሉም የሚመጡት ቀለሙ በማይገባው ቦታ ሲገባ ነው። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። ክሮቹ በብሪጁ በኩል ከጊታሩ የኤሌክትሪክ መሬት (ግራውንድ) ጋር መገናኘት አለባቸው። በአንዳንድ ጊታሮች ይህን የሚያደርገው ከብሪጁ ሥር ተጨምቆ የሚቀመጥ እርቃኑን ያለ ሽቦ ስለሆነ፣ በመካከል ቀለም ከገባ ወይም ብሪጁ ራሱ በዱቄት ቀለም ከተቀባ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ውጤቱ እጅ ክሩን ሲነካ የማይቀንስ ጉርምርምታ ነው። መፍትሔው መገናኛውን ቦታ ፍቆ ብረቱን ማጋለጥ ነው። በተቃራኒው፣ በፒክአፖቹ ጎድጓዳ ውስጥ የሚቀባ ካርቦን ያለበት ጥቁር ቀለም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ከመሬት ጋር ከተገናኘ ከውጭ የሚመጣውን ጫጫታ ይቀንሳል። ነገር ግን ድምፁን ከሚያወጣው የመሰኪያ ጫፍ ጋር ከተነካካ ጊታሩ ጭጭ ይላል። ስለ ቀለምና ድምፅ ከተነሣ በእርግጠኝነት የሚሰማ ለውጥ የሚያመጣው ይህ የማይታየው ቀለም ነው።

ሁለተኛው የአንገቱ ማስገቢያ ነው። ወፍራም ቀለም ከገባበት አንገቱ በሚገባ አይቀመጥም፣ አንግሉ ይለወጣል፣ የክሩ ከፍታም ከማስተካከያ ውጭ ይሆናል። በግድ ከገባ ደግሞ በጥጉ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይታያል፤ እንዲህ ያለው ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የልባሱ እንጂ የእንጨቱ ስላልሆነ አያስደነግጥም። ሦስተኛው በነቱ፣ ማለትም በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ በሚያልፉበት ቁራጭ፣ መሄጃዎች ውስጥ የሚደርቅ ቫርኒሽ ነው፤ ክሩን ይይዝና ጊታሩ ከቃኙት በኋላ ቶሎ እንዲበላሽ ያደርጋል።

ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ የማመጣው ጊታር በናይትሮ የተለበሰ ነው። የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል?

ያስፈልገዋል። ናይትሮና እንጨት በቅዝቃዜና በሙቀት እኩል አይሸበሸቡም፤ በጉዞ ላይ በጣም ቀዝቅዞ የቆየ ጊታር በድንገት በሞቀ ክፍል ሲከፈት ልባሱ በቀጫጭን መስመሮች ሊሰነጣጠቅ ይችላል። ከአውሮፕላን የወረደ ጊታር ከነሣጥኑ ሳይከፈት ለሰዓታት ቢቆይ የክፍሉን ሙቀት ቀስ በቀስ ይይዛል። ስንጥቁ ቢመጣም ድምፁን አይነካም፤ አንዳንዶች እንዲያውም ለመልኩ ይፈልጉታል።

በአዲስ አበባ የበጋው አየር ደረቅ ስለሆነ፣ እርጥበት ካለበት የባሕር ዳርቻ ከተማ የመጣ ጊታር የጣት ሰሌዳው ተሸብሽቦ የፍሬቶቹ ጫፎች በጎን ሊወጡና እጅ ሊቧጭሩ ይችላሉ፤ አንገቱም በማስተካከያ ዘንጉ እንደገና መስተካከል ይፈልግ ይሆናል። ከዚህ በተጨማሪ ናይትሮ ከላስቲክና ከአንዳንድ ፕላስቲኮች ጋር ለረዥም ጊዜ ሲነካካ ይለሰልሳል፣ ጠባሳም ይይዛል። ማቆሚያው የላስቲክ ማረፊያ ካለው በጥጥ ጨርቅ መጠቅለል ይበቃል። ፖሊ የለበሰ ጊታር ይህ ሥጋት የለበትም፤ በየመድረኩ ለሚንከራተት ተጫዋች እኔ የምመክረው እርሱን ነው።

ድምፄን ማሻሻል ከፈለግሁ ገንዘቤን ለልባስ ካልሆነ በምን ላዋለው?

በመጀመሪያ ምንም ሳያወጡ የፒክአፖቹን ከፍታ በብሎናቸው ማስተካከልና ክሩን መለወጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ያሉት ፒክአፑ፣ 250 ወይም 500 ኪሎ ኦም የሆነው የቮሊዩም መቆጣጠሪያው፣ የኬብሉ ርዝመት፣ ከሁሉም በላይ አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ ናቸው። የጊታር ስፒከር ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በፍጥነት ይቆርጣል፤ ስፒከር መለወጥ ብቻ አንድን ጊታር እንደ ሌላ ጊታር ሊያሰማው ይችላል። በናሽቪል የሚሠራው ጊታሪስት ጂም ሊል አካልም አንገትም ሳይኖር ክሮችን በሁለት ጠረጴዛዎች መካከል ወጥሮ ከሥራቸው ፒክአፕ በማድረግ ቀርጿል፤ የተሰማው ድምፅ ከተሟላ የቴሌካስተር ዓይነት ጊታር ጋር እጅግ የተቀራረበ ነበር። እንጨቱ ጠፍቶ ልዩነቱ ይህን ያህል ካነሰ፣ በእንጨቱ ላይ ለሚቀባው ብዙ ገንዘብ መክፈል ያለበት መልኩን የወደደ ሰው ብቻ ነው።

ጊታሩን ሳልሰካ ስጫወት ግን ልዩነቱ በግልጽ ይሰማኛል። ጆሮዬ ያታልለኛል?

ጆሮው አያታልልም። ሳይሰካ የሚሰማው ድምፅ ከክሩ ጋር የሚንቀጠቀጠው እንጨት በአየር የሚያስተላልፈው፣ ደረትን የነካው አካልም በአጥንት በኩል የሚያደርሰው ነው። ይህ ድምፅ በጊታሮች መካከል በጣም ይለያያል፤ ፒክአፑ ግን አብዛኛውን አይወስደውም። በሰም ያልታሸጉ ፒክአፖች ብቻ ጠመዝማዛው ሽቦ ስለሚንቀጠቀጥ አካሉ ሲንኳኳ በአምፕሊፋየሩ ይሰማል፤ በእነርሱም ላይ ቢሆን የሚሰማው የእንጨቱና የብረቱ መንቀጥቀጥ ነው፣ የልባሱ ድርሻ ግን ከዚያ ውስጥ እጅግ ትንሹ ነው።

ነገሩን በራሱ ጆሮ ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ንጽጽሩን እንዲህ ሊያደርገው ይችላል። ሊቀባ የታሰበው ጊታር ከመፈታቱ በፊት የፒክአፖቹ ርቀት ከክሩ በማስመሪያ ይለካል፣ አዲስ ክር ይታሰራል፣ በቀጥታ ወደ መቅረጫ ተሰክቶ አንድ ዓይነት ሐረግ ደጋግሞ ይቀረጻል። ከተቀባ በኋላ በዚያው ርቀት፣ በዚያው የክር ዓይነት፣ በዚያው መቅረጫ ይደገማል። ከዚያ የሁለቱ ቅጂዎች የድምፅ መጠን እኩል ይደረጋል፤ ከፍ ብሎ የሚሰማው ምንጊዜም የተሻለ ስለሚመስል ይህ ሊዘለል አይገባም። በመጨረሻ ሌላ ሰው ቅጂዎቹን አቀላቅሎ ያጫውታል፣ አድማጩም የቱ የቱ እንደሆነ ሳያይ ቢያንስ ሃያ ጊዜ መልሱን ይጽፋል፤ ትክክለኛዎቹ መልሶች ወደ አሥር ከተጠጉ አድማጩ የመለሰው በግምት ነው።